ጎጃም ሳይገባ ጎጃምን ያዞረው ባቡር

ደብረ ማርቆስ ዙሪያ ካሉት ገጠሮች ወደ አንዱ ገብታችሁ “ባቡር የት ነው?” ብላችሁ ብትጠይቁ፣ አዛውንቶቹ የሚጠቁሟችሁ ወፍጮ ቤቱን ሊሆን ይችላል። አትሳቁ! ቃሉ መጀመሪያም የሞተር ስም እንጂ የሐዲድ ስም አልነበረም። ሐዲድ ላይ የሚሄደውን ከሌላው ለመለየት ነው “ምድር ባቡር” ማለት ያስፈለገው። እኛ ጎጃሞች እንግዲህ የቆመው ባቡር ደረሰን፣ የሚሄደው ግን ቀረብን። ጎጃም ውስጥ እስከ ዛሬ አንድ ክንድ የባቡር ሐዲድ አልተዘረጋም።

“ታዲያ ጎጃሜዋ ስለ ባቡር መጻፍ ምን አገባት?” ትሉ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ይህ ባቡር ጎጃምን ሳይረግጥ የጎጃምን ንግድ ፊቱን አዙሮታል። በረሃ ለበረሃ የሚሄደው የዕቃ ባቡር የድሬዳዋና የአዋሽ ታሪክ ብቻ አይደለም። የማርቆስ ሱቅ መደርደሪያ ታሪክም ነው።

ፊታችን ወደ ሰሜን ሳለ

ከባቡሩ በፊት የነበረውን ካላየን የተለወጠው ነገር አይገባንም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከደብረ ማርቆስ (ያኔ መንቆረር) ብዙም በማይርቀው በይጁቤ የሚቆመው የባሶ ገበያ በአገሪቱ ከታወቁት ትልልቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። ከዓባይ ማዶ፣ ከጉድሩና ከዚያም ከራቀው አገር፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ቡና ይመጣል። ሰውም ይመጣል፤ ባሪያ ተብሎ የሚሸጥ ሰው። ይህን ዘልሎ ስለ ገበያው ድምቀት ብቻ ማውራት ደግ አይደለም።

ሲራራ ነጋዴው ከዚያ ጭኖ፣ በጎንደር በኩል አድርጎ፣ ምጽዋ ድረስ ይወርዳል። መገበያያው የማርትሬዛ ብርና አሞሌ ጨው ነው። አሞሌው የሚወጣው ከአፋር በረሃ ሲሆን፣ በትግራይና በጎንደር አልፎ ጎጃም እስኪደርስ በየኬላው ዋጋው እየጨመረ ይሄዳል። ስለዚህ ደጋውና በረሃው የተዋወቁት በባቡር አይደለም። ከባቡሩ በፊትም የጎጃም ሰው የበረሃ ጨው በእጁ ይዞ ነበር ገበያ የሚወጣው። ልዩነቱ መንገዱ ወደ ሰሜን መሆኑ ነበር።

ሐዲዱ ሲመጣ

በ1886 ዓ.ም አጼ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ የመዘርጋት ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1890 ዓ.ም ከጅቡቲ ተነሳ። በ1895 ዓ.ም ሐዲዱ ዛሬ ድሬዳዋ የምንላት ቦታ ደረሰ። መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነበር። ሐረር ግን ተራራ ላይ ናት፤ ባቡሩን ወደዚያ ማውጣት ከባድም ውድም ሆነ። ባቡሩ ወደ ከተማዋ መውጣት ሲያቅተው፣ እሱ የቆመበት ሜዳ ላይ ሌላ ከተማ ተወለደች። ድሬዳዋ ማለት ይቺ ናት! ለዘመናት የንግድ እምብርት የነበረችው ሐረር ግን ንግዷ ቁልቁል ሲወርድ ከላይ ሆና አየች።

ከዚያ ኩባንያው ከሰረ፣ ሌላ የፈረንሳይ ኩባንያ ተተካ፣ ሐዲዱም አዋሽን ተሻግሮ በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ ገባ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ባቡሩ ሌሊት ስለማይሄድ ድሬዳዋና አዋሽ እያደረ ሦስት ቀን ይፈጅበታል። ለእኛ ሦስት ቀን ረጅም ነው። ከአንድ ወር በላይ ከግመልና ከበቅሎ ጋር ለተጓዘ ነጋዴ ግን ተአምር ነው።

የሰሜኑን መንገድ ያዳከመው ባቡሩ ብቻ አልነበረም። ክፉ ቀን አገሩን ጎድቶታል፣ ጣሊያንም ምጽዋን ይዟል። ሐዲዱ አዲስ አበባ ሲገባ ግን ነገሩ ለየለት። ባሕሩ በጎንደር በኩል መሆኑ ቀርቶ በሸዋ በኩል ሆነ። በ1916 ዓ.ም አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ወደ አውሮፓ ሲሄዱ አብረዋቸው ከተጓዙት መኳንንት አንዱ የጎጃሙ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። አስቡት፤ አባታቸው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በነገሡ ጊዜ የጎጃም የባሕር በር ምጽዋ ነበር። ልጃቸው ግን ባሕር ለማየት አዲስ አበባ ሄደው ባቡር ተሳፈሩ። በአንድ ትውልድ ውስጥ የአንድ አገር ፊት እንዲህ ዞረ።

ለምን ወደ እኛ አልቀጠለም?

መልሱን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ ከአዲስ አበባ ወደ ማርቆስ አንድ ጊዜ በአውቶብስ መሄድ ይበቃል። ጎሐ ጽዮን ላይ ቁልቁል መውረድ ትጀምራላችሁ፣ ጆሯችሁ ይደፈናል፣ ብርዱ ወደ ወበቅ ይለወጣል። ሕዝቡ ቦታውን “ዓባይ በረሃ” የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከአፋፉ እስከ ወንዙ ቁልቁለቱ 1,400 ሜትር ገደማ ነው። ከወንዙ ወደ ደጀን ደግሞ ያንኑ ያህል ሽቅብ። መኪና ይህን ሁሉ በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ ጥምዝምዝ መንገድ ይጨርሰዋል።

ባቡር ግን አይችልም። የባቡር ጎማም ሐዲዱም ብረት ነው። ብረት በብረት ላይ በቀላሉ ስለሚንከባለል ሜዳ ላይ ትንሽ ጉልበት ብዙ ሺህ ኩንታል ይጎትታል። ዳገት ላይ ግን ያው ልስላሴ ጠላት ይሆናል፤ ይንሸራተታል። ስለዚህ ከባድ የዕቃ ባቡር በ100 ሜትር ከ2 ሜትር ብዙም የማይበልጥ ዳገት ነው የሚፈልገው። እስቲ አብረን እናስላ፦ 1,400 ሜትር በዚህ ልክ ለመውረድ 70 ኪሎ ሜትር፣ ለመውጣት ሌላ 70 ኪሎ ሜትር ሐዲድ፣ ያውም በገደል ላይ! ሐረርን ያሳለፈ ባቡር ዓባይን ሲያይ ምን እንደሚል ገምቱ።

ድልድዩ ላይ

አሮጌው ባቡር እያረጀ ሄዶ፣ በ2000 ዓ.ም ግድም ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ መመላለሱን አቆመ። አዲሱ በኤሌክትሪክ የሚሠራው መስመር መስከረም 2009 ዓ.ም ተመረቀ፣ መደበኛ አገልግሎቱን ደግሞ ታኅሣሥ 2010 ዓ.ም ጀመረ። እኔ ያየሁት ይህን አዲሱን ነው፣ አዋሽን አልፎ ወደ ሚኤሶ በሚወስደው ሜዳ፣ ሐዲዱ ከሥር በሚያልፍበት አንድ ድልድይ ላይ ቆሜ።

ከአዳማ ወዲያ መስመሩ ነጠላ ነው፤ ስለዚህ ብዙ ትጠብቃላችሁ። ሙቀቱ ያንቀጠቅጠዋል የሚባለው አየር እውነትም ይንቀጠቀጣል። ግመሎች ቁጥቋጦውን እየቀነጠቡ ያልፋሉ። (ባቡሩ ግመል ሲገጭ ካሳ መክፈል ራሱን የቻለ ጉዳይ ሆኗል፤ ሐዲዱ የግጦሽ መሬታቸውን የከፈለባቸው አርብቶ አደሮች ይህን ታሪክ ከኔ በተለየ መንገድ ነው የሚያወሩት።) ከዚያ ጭስ የሌለው ባቡር ከሩቅ ይታያል። ኮንቴይነር፣ ኮንቴይነር፣ ኮንቴይነር... ፉርጎ መቁጠር ጀምሬ ሃምሳን ሳልፍ እንኳ ጭራው አልታየኝም ነበር። አንድ ባቡር ከ100 በላይ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነሮች ይጭናል። ተሳቢ ያለው መኪና የሚይዘው ሁለት ነው። ሃምሳ ተሳቢ በአንድ መስመር ተያይዞ ሲያልፍ ማየት ማለት ነው።

ዋናው ነገር ግን ቁጥሩ ሳይሆን አቅጣጫው ነው። ከጅቡቲ ሽቅብ የሚመጣው የተጫነ ነው። ወደ ጅቡቲ ከሚወርደው ውስጥ ግን ብዙው ባዶ ኮንቴይነር ነው፤ አገሪቱ ወደ ውጭ የምትልከው ከምታስገባው እጅግ ያነሰ ስለሆነ።

ይህን ከመቶ ዓመት በፊት ያየ ሰው ነበር። ነጋድራስ ገብረሕይወት ባይከዳኝ በዚሁ ባቡር ተቆጣጣሪነት፣ በኋላም በድሬዳዋ ነጋድራስነት ሠርቷል። ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም በታተመው “መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር” በተሰኘው መጽሐፉ፣ ጥሬ ዕቃ እየሸጠ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ አገር ሁልጊዜ ተጎጂ እንደሚሆን ያስረዳል። ይህን ለማሰብ ከድሬዳዋ የባቡር ጣቢያ የተሻለ መማሪያ ቤት የሚገኝ አይመስለኝም።

ሐዲዱ ካለቀ በኋላ

ወደ ማርቆስ የሚመጣው ዕቃ ሐዲዱ ሲያልቅ መኪና ላይ ይወጣል። ማዳበሪያ፣ ዘይት፣ ብረት፣ የሞባይል ቀፎ ሳይቀር አብዛኛውን ጊዜ ዓባይ በረሃን ወርዶ ይወጣል። በ2000 ዓ.ም ማብቂያ በጃፓን እርዳታ የተሠራው የሕዳሴ ድልድይ ተከፍቶ ወንዙን መሻገር ቀለለ፤ ገደሉ ግን ያው ገደል ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ዋናው መንገድም ይኸው ነው። በአንድ ዋና መንገድ ላይ የተንጠለጠለ አገር ምን እንደሚሆን ደግሞ የቅርብ ዓመታት አሳይተውናል። በ2015 ዓ.ም የክረምት መግቢያ የአማራ ክልል ገበሬ ማዳበሪያ አጥቶ ባሕር ዳር ላይ አቤት አለ። በዚያው ዓመት ክረምት ግጭቱ ከተስፋፋ ወዲህም መንገዱ ብዙ ጊዜ ተዘግቷል። መንገድ በተዘጋ ቁጥር በረሃው ላይ የሚያልፈው ባቡር ለማርቆስ እናት ምኗም አይደለም።

“ሐዲድ ታቅዶልን አልነበር?” የሚል ካለ፣ አዎ። በ2003 ዓ.ም ግድም በወጣው የብሔራዊ የባቡር መረብ ዕቅድ ውስጥ ከፍኖተ ሰላም ተነስቶ በባሕር ዳር፣ በወረታ፣ በወልድያና በሰመራ ወደ ጅቡቲ ድንበር የሚወርድ መስመር ነበረበት። ልብ በሉ፦ መስመሩ ዓባይ በረሃን አይነካም። በሰሜን ዞሮ ነው የሚወጣው፣ ልክ እንደ ጥንቱ ሲራራ ነጋዴ! መልክዓ ምድሩ የሚለውን አይረሳም፤ የረሳነው እኛ ነን። መስመሩ ግን ዛሬም ወረቀት ላይ ነው።

እኔ ጎጃም ሐዲድ ስላልገባ ብቻ ተበደለ ብዬ አላለቅስም። ሐረር እንኳ ደጇ ላይ ደርሶ አልፏት ሄዷል። ከዚህ ታሪክ የምወስደው ሌላ ነገር ነው፦ ስለ ባቡር ስናወራ “የት ይደርሳል?” ብቻ ሳይሆን “ምን ይዞ ይመለሳል?” ብለን እንጠይቅ። ነገ ሐዲዱ ፍኖተ ሰላም ቢገባ፣ ሽቅብ ዘይትና የሞባይል ቀፎ ጭኖ መጥቶ ቁልቁል ባዶውን ከወረደ፣ የበረሃውን ድልድይ ደጋ ላይ አመጣነው እንጂ ምንም አልለወጥንም።

እናንተም ወደ ድሬዳዋ መንገድ ከገጠማችሁ አንድ ድልድይ ላይ ቆማችሁ ፉርጎ ቁጠሩ። ወደ ባሕር የሚወርዱትን ለብቻ፣ ከባሕር የሚመጡትን ለብቻ።