የፔች ጉልላት ምን ያስተምረናል?

 

ከሀንጋሪ ዋና ከተማ ከቡዳፔስት ወደ ደቡብ ምዕራብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ቢጓዙ፣ በመቼክ ተራሮች ግርጌ ፔች የምትባል ከተማ ያገኛሉ። ከአደባባይዋ ቆመው ቀና ሲሉ ሰፊ ጉልላት ያለው ጥንታዊ ሕንጻ ይታይዎታል። በጉልላቱ ጫፍ ላይ ጨረቃና መስቀል አንድ ላይ ቆመዋል። ወደ ውስጥ ቢዘልቁ ቅዳሴ የሚካሄድበት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሚሕራቡ ግን ዛሬም ከግድግዳው ላይ አለ። ነገሩ እንዴት ነው?

ፔች ገና ከጥንቱ የታወቀች ከተማ ነበረች። ሮማውያን ሶፒያኔ ይሏት ነበር። በ4ኛው መቶ ዘመን ክርስቲያኖች ያነጿቸው ባለ ሥዕል የመቃብር ቤቶች እስካሁን ስላሉ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2000 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። በ1009 የጳጳስ መንበር ሆነች፤ በ1367 ደግሞ የሀንጋሪ የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ ተከፈተባት። ስለዚህ ሙስሊሞች የደረሱት ባዶ ምድር ላይ አልነበረም።

በሱልጣን ሱለይማን ዘመን፣ በ1543፣ የኡስማኒያ ጦር ከተማይቱን ያዘ። ቃሲም ፓሻም ታላቁን መስጊድ አሠራ። እዚህ ላይ እውነቱን መሸሸግ አይገባንም፤ የመስጊዱ ድንጋይ የተወሰደው በዚያው ስፍራ ከነበረ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከ143 ዓመታት በኋላ፣ በ1686፣ የሀብስቡርግ ጦር ከተማይቱን ሲይዝ ተራው የመስጊዱ ሆነ። ወደ ቤተ ክርስቲያንነት ተለወጠ፤ ሚናራውም በ1766 ፈረሰ።

ሁሉም ግን አልጠፋም። በሌላው የከተማይቱ ክፍል የሐሰን ያቆቫሊ መስጊድ ከነሚናራው ቆሟል። በሀንጋሪ ምድር ከዚያ ዘመን ሚናራና መስጊድ ሳይነጣጠሉ የተረፉት በዚህ ብቻ ነው። በ1591 የታነጸው የኢድሪስ ባባ መቃብርም አለ።

ውድ አንባቢ! ከድንጋዩ ይልቅ ዕድሜ ያገኘ ሌላም ነገር አለ። በዚያ ዘመን በፔች የተወለደ ኢብራሂም የተባለ ሰው ነበር፤ በትውልድ ከተማው ስም ፔቼዊ ተብሎ ይታወቃል። በመንግሥት ሥራ ብዙ ካገለገለ በኋላ ብዕሩን አንስቶ ከ1520 ጀምሮ እስከ 1640 ያለውን የኡስማኒያ ታሪክ ጻፈ። የወገኖቹን ቃል ብቻ ሰምቶ አልተወም፤ የሀንጋሪ ጸሐፊዎች ስለ ጦርነቱ ያሉትንም መረመረ። ከሐለብና ከደማስቆ የመጡ ሁለት ሰዎች በሂጅራ 962 በኢስታንቡል ቡና ቤት እንደከፈቱ የምናውቀውም ከእሱ መጽሐፍ ነው። ያ ቡና ከእኛው አገር ምድር የበቀለ መሆኑን ልብ ይሏል! የሀበሻ ፍሬ የደረሰበትን ቦታ መዝግቦ ያቆየልን በሀንጋሪ የተወለደ ሙስሊም ነው።

ዛሬ ፔች 140 ሺህ ያህል ሕዝብ ይኖርባታል። ከ1853 ጀምሮ በዦልናይ ፋብሪካ የሸክላ ሥራ ስሟ ገኗል፤ በ2010ም ከአውሮፓ የባህል ዋና ከተሞች አንዷ ሆናለች። ከምትኮራባቸው ቅርሶች መካከል በአንድ ወቅት ጠላት የምትላቸው ሰዎች የሠሩት ጉልላት ይገኝበታል።

እንግዲህ ልጅዎ ሥዕሉን አይቶ «አባዬ፣ ይህ የማን ነው?» ቢልዎ ምን ይመልሱለታል? «የእኛ ነበር፣ ቀሙን» ማለት ይቀላል። ግን የታሪኩ ግማሽ ነው። ከእኛ በፊት የነበሩትንም፣ ከእኛ በኋላ የመጡትንም ጨምረው ይንገሩት። ዘመንን የሚያፈራርቀው አላህ (ሱ.ወ.) ነው፤ ድንጋይ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። በሐቅ የተጻፈ ዕውቀት ግን እንደ ፔቼዊ መጽሐፍ ጸሐፊውን አልፎ ለማያውቀው ትውልድ ይደርሳል። ልጆቻችን ቢቻል የጉልላቱን ውበት፣ ከዚያም በላይ የብዕሩን ሐቀኝነት ይውረሱ።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይወፍቀን። አሚን!