ስለ ፍቅርና ስለ ድንቅ ነገር የተጻፉ ልብ ወለዶች ከፎገራ ሜዳ ሲነበቡ

ዛሬ ልብ ወለድ የሚያነብ ሰው መጽሐፉን ገና ሳይጀምር በሁለት ረድፍ ይለየዋል። ወንድና ሴት ተዋድደው የሚጋቡበትን ወይም ሳይጋቡ የሚቀሩበትን «የፍቅር ታሪክ» ይለዋል፤ ሊሆን የማይችለውን ነገር እንደ ሆነ አድርጎ የሚተርከውን ደግሞ «የምናብ ታሪክ» ይለዋል። ከዚያም ተነሥቶ፥ የፊተኛው ከኑሮ የተቀዳ፥ የኋለኛው ግን ከኑሮ የራቀ ነው ብሎ ይፈርዳል። በዚህ ባለፈው ክረምት፥ ከጉና ተራራ የሚወርዱት ርብና ጉማራ ውኃቸውን በፎገራ ሜዳ ላይ በሚያሳድሩበት ወራት፥ ዘመናቸው የተራራቀ ሦስት ልብ ወለዶችን በወረታ ከተማ አከታትዬ ባነበብሁ ጊዜ፥ ይህ ፍርድ ለእኛ አገር ድርሰት እንደማይስማማው ተረዳሁ። እንዲያውም የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ በዚህ አገር ታሪክ ብንመዝነው፥ ድንቅ መስሎ የሚታየን ነገር እውነት ሆኖ፥ ተራ መስሎ የሚታየን ፍቅር ደግሞ ለዚያ ዘመን ሰው ድንቅ ሆኖ ይገኛል።

አስቀድሞ ስለ ቀደሙት መጻሕፍት ጥቂት ልበል። ግዕዝ ያነብቡ የነበሩ አባቶቻችን ከጸሎትና ከትርጓሜ መጻሕፍት ሌላ ልብን የሚያንሸራሽር ትረካ አላጡም ነበር። ከዐረብኛ የተመለሰው ዜና እስክንድር የመቄዶንያውን ንጉሥ እግዚአብሔርን የሚፈራና ንጽሕናን የሚወድ ሰው አድርጎ እስከ ምድር ዳርቻ ያደርሰዋል። እንደዚሁም በትውልድ የመናዊ የነበሩት የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ዕንባቆም፥ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፥ በ1545 ዓ.ም. ገደማ የበርለዓምንና የይዋሴፍን ታሪክ ወደ ግዕዝ መልሰዋል፤ የዚህም ታሪክ ሥሩ የሕንዱ የቡድሃ ገድል እንደ ሆነ ሊቃውንት መርምረው አረጋግጠዋል። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ድንቁ ነገር ሞልቷል፤ የወንድና የሴት ፍቅር ግን የሚመጣው ለጻድቁ ሰው ፈተና ሆኖ እንጂ ደስታ ሆኖ አይደለም።

ፍቅርን ከድንቁ ጋር በአማርኛ ያስማሙት ነጋድራስ አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ ናቸው። የተወለዱትም በ1860 ዓ.ም. ከፎገራ ባሻገር፥ በጣና ደቡብ ዳርቻ፥ በዘጌ ነው። ሥዕል ሊማሩ ወደ ኢጣልያ ሄደው፥ በኋላም በናፖሊ አማርኛ ሲያስተምሩ ከቆዩ በኋላ፥ በ1900 ዓ.ም. «ልብ ወለድ ታሪክ» የተባለውን መጽሐፋቸውን በሮማ አሳተሙ። ዛሬ ለዚህ ዓይነት ድርሰት ሁሉ የምንሰጠው «ልብ ወለድ» የሚለው ስም ከዚሁ አርእስት የተወረሰ ነው፤ መጽሐፉን ራሱን ግን አንባቢ በባለታሪኳ ስም «ጦቢያ» ብሎ ይጠራዋል።

ታሪኩን በአጭሩ ላስታውስ። አንድ የክርስቲያን ጦር አለቃ ከአረማዊ ንጉሥ ጋር ተዋግቶ ይማረካል። አንድ ደግ ነጋዴ በገንዘቡ ይረዳውና ነጻ ወጥቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። መንትያ ልጆች አሉት፤ ወንዱ ዋህድ፥ ሴቲቱ ጦቢያ ይባላሉ። ዋህድ የነጋዴውን ውለታ ለመመለስ ፍለጋ ሲወጣ በመንገድ ተይዞ ለባርነት ይሸጣል። እኅቱም የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ልትፈልገው ትወጣለች፤ እነርሱም በበኩላቸው በአረማዊው ንጉሥ እጅ ይወድቃሉ። የንጉሡ ዘመድ የሆነች ወይዘሮ ጦቢያን ወንድ መስላት ትወድዳታለች። ነገሩ በተገለጸ ጊዜ ግን ንጉሡ ራሱ ጦቢያን ወድዶ፥ ክርስትናን ተቀብሎ ያገባታል፤ ወይዘሮዪቱም ዋህድን ታገባለች።

አንዳንድ የዘመኑ አንባቢዎች ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ። መማረኩ፥ መሸጡ፥ መገጣጠሙ ሁሉ እንደ ተረት ይታያቸዋል። ደራሲውም የአገሩን ስምና ዘመኑን ስለማይነግሩን ለዚህ አስተያየት መንገድ ከፍተዋል። ነገር ግን መጽሐፉን ይዞ በጣና ምሥራቅ ዳር የቆመ ሰው እንዲህ አድርጎ ለመሳቅ ይቸግረዋል። ከፎገራ ሜዳ በስተ ሰሜን፥ በሊቦ ከምከም በኩል፥ ይፋግ የተባለው ገበያ አለ። በ1800ዎቹ፥ ከጎጃም ከባሶ የሚነሣው ሲራራ ነጋዴ ዐባይን ተሻግሮ፥ በጣና ምሥራቅ አልፎ፥ ወደ ጎንደርና ወደ ምጥዋ የሚሄደው በዚህ በኩል ነበር። ቡናውና የዝሆን ጥርሱ፥ ዝባዱና ወርቁ በበቅሎና በአህያ ሲያልፍ፥ አሞሌ ጨው ደግሞ ከወዲያ ወደ ወዲህ ይወርድ ነበር። ከዕቃው ጋር በእግሩ የሚነዳ ሰውም ነበር፤ ዋህድም ከነዚህ እንደ አንዱ ነው። የባሪያ ንግድ በኢትዮጵያ በዐዋጅ ጠንክሮ የተከለከለው መጽሐፉ ከታተመ ከ16 ዓመት በኋላ፥ በ1916 ዓ.ም. መሆኑን ስናስብ፥ ደራሲው የጻፉት የሩቅ ዘመን ተረት ሳይሆን በዕድሜያቸው የነበረውን ነገር እንደ ሆነ እንረዳለን።

የአለቃው መማረክና መለቀቅስ? ለዚህም ከወረታ ወደ ምሥራቅ በመኪና ጥቂት ሰዓት እንኳ የማያስኬደውን ደብረ ታቦርን ማየት ይበቃል። በ1834 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤና ራስ አሊ እዚያ ተዋጉ። ራስ አሊ ድል የሆኑ መስሏቸው ሸሹ፤ ደጃዝማች ውቤም ድል አድርገው ደስታ ላይ ሳሉ የራስ አሊ ወገን የሆኑት ብሩ አሊጋዝ ድንገት ደርሰው ማረኩአቸው። አሸናፊው ምርኮኛ፥ ተሸናፊው ባለ ድል ሆነ። ጥቂት ቆይተውም ደጃዝማች ውቤ ካሳ ከፍለው ተለቀቁና ወደ ግዛታቸው ተመለሱ። ይህን አንድ ልብ ወለድ ጸሐፊ ቢያመጣው ኖሮ «አይመስልም» ብለን መጽሐፉን እንዘጋው ነበር። በዘመነ መሳፍንት ባላገር አጠገብ ይህን የመሰለ ነገር ሲሆን ላየ አገር፥ የጦቢያ አባት ታሪክ እንደ ገበያ ወሬ ያለ ነው። ጦቢያ የወንድ ልብስ መልበሷም ከዚሁ የሚመጣ ነው፤ ሠራዊት በሚመላለስበትና ሰው በሚፈነገልበት መንገድ አንዲት ቆንጆ ልጅ በቀሚስ ብትሄድ የት ትደርስ ነበር?

እንግዲህ ድንቁ የት ነው? ድንቁ ጋብቻው ነው። በበጌምድርና በጎጃም ባላገር ዘንድ ጋብቻ የሁለት ቤት ጉዳይ ነበር። አባቶች ይመካከራሉ፤ ሽማግሌ ይላካል፤ ዘር ይቆጠራል፤ የሁለቱም ወገን ለልጆቹ የሚሰጠው ከብት እኩል በእኩል እንዲሆን ይከራከራሉ። ፎገራ ስሟ በላሟ የታወቀ አገር ናትና ይህ ክርክር እዚህ ምን ያህል ይረዝም እንደ ነበር መገመት ይቻላል። በዚህ ሁሉ ውስጥ የልጅቱ ቃል አልነበረበትም፤ ብዙ ጊዜም ቃል ለመስጠት የማትደርስ ሕፃን ነበረች። እንዲህ ባለ አገር የንጉሥ ዘመድ የሆነች ወይዘሮ ዐይታ ወደደች፥ የወደደችውንም በአፏ ተናገረች ብሎ መጻፍ፥ ጎግና ማጎግን ከማምጣት የበለጠ ድፍረት ነው።

የመጽሐፉ ትልቁ ጉድለት ሆኖ የሚነገረውም በዚሁ ላይ ነው። ወይዘሮዪቱ የወደደችው ጦቢያን ሳለ፥ ወንድሟ መንትያ ስለ ሆነ ብቻ ፍቅሯ እንደ ኩታ ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ይዛወራል። እኔም ይህን ክፍል ሳነብ ፈገግ ማለቴ አልቀረም። ነገር ግን የዚያን ዘመን ሴት አንባቢ ሆና ብናስባት፥ ባሏን ከሠርጓ ቀን በፊት ዐይታው የማታውቀዋ ሙሽራ፥ ወይዘሮዪቱን ታሳዝናት ነበር ወይስ ታስቀናት? ቢያንስ የሚያገባትን ሰው መልክ አስቀድማ ለይታዋለችና። በእርግጥ በአባት ትእዛዝ የተደረገ ጋብቻ ሁሉ ፍቅር አልባ ነበር ማለቴ አይደለም። ራስ አሊ ልጃቸውን ተዋበችን ለካሳ ኃይሉ የሰጡት አመፀኛውን በጋብቻ ለማሰር ነበር፤ እርሷ ግን ከአባቷ ይልቅ ከባሏ ጋር ቆመች፥ ካሳም አፄ ቴዎድሮስ ተብለው ከነገሡ በኋላ እስከ ሞቷ ድረስ አከበሯት። እንዲህ ያለውን ፍቅር ግን የሚያስገኘው ዕድል ነው፤ የጦቢያ ደራሲ የጻፉት ስለ ምርጫ ነው።

ስለ ደራሲው አንድ ነገር ሳይነሣ ማለፍ አይገባም። ነጋድራስ አፈ ወርቅ በጠላት ወረራ ዘመን ከኢጣልያኖች ጋር ማበራቸውና ከነጻነት በኋላ በግዞት በጅማ ሳሉ በ1940 ዓ.ም. መባቻ ማረፋቸው የታወቀ ነው። በዚህ ምክንያት መጽሐፋቸውን ለመንካት የሚጠየፉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ቅሬታቸው አይገርመኝም፤ ባለታሪኳን በኢትዮጵያ ስም የሰየመ ሰው አገሩን ለሚወጋ መንግሥት ማገልገሉ ያማል። ነገር ግን መጽሐፉ ከሰውየው በደል 28 ዓመት ይቀድማል፤ ማንም ወደ ኋላ ተመልሶ ሊያበላሸው አይችልም።

ከጦቢያ በኋላ ሁለቱ ነገሮች ተለያዩ። ድንቁ ለብዙ ዘመን ከልብ ወለዳችን ጠፍቶ ቆይቶ፥ በ2000ዎቹ መጀመሪያ በይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ወደዚሁ ወደ ጣና ተመለሰ። ወጣቶች መጽሐፉን እየተቀባበሉ አነበቡት። በባሕር ማዶ የተበተኑ ኢትዮጵያውያን ሊቃውንትና በሐይቁ ገዳማት የተሰወረ ምሥጢር በአንድ ላይ ሲገናኙ አንባቢው መጽሐፉን ማስቀመጥ ያቅተዋል። ደራሲው ድንቁን ከውጭ ዘንዶና ጠንቋይ አለመበደሩን አመሰግናለሁ፤ በዳጋ እስጢፋኖስ የነገሥታት ዐፅም በሚጠበቅበት ሐይቅ ላይ ምሥጢር አለ ማለት ሥር የሌለው አሳብ አይደለም። ፍቅሩ ግን ከሩጫው የተነሣ ትንፋሽ አጥቷል፤ ጣናም የምሥጢር መጋረጃ እንጂ ታንኳ የሚቀዘፍበትና ዓሣ የሚወጣበት ውኃ ሆኖ አልታየኝም።

ፍቅሩ ግን ሌላ መንገድ ሄደ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ባሳተሙት የብርሃኔና የጽዮን ሞገሳ ጋብቻ ታሪክ ፍቅርን የምክር ማስተላለፊያ አደረጉት፤ ምክሩ መልካም ነው፥ ሰዎቹ ግን ከመጽሐፉ ወጥተው አብረውን አይሄዱም። ያን ያደረጉት ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው፤ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር»።

እኔ ይህን መጽሐፍ ሳነብ ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ከጦቢያ ጋር ያለው ዝምድና ነው። በጦቢያ ፍቅርን የሚያግደው ጦርና ባሕር የሚያህል መንገድ ነው፤ በዚህ ግን የሚያግደው በአንድ ግቢ የሚኖር አባት ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ለሰብለ ወንጌል የሚመጥን ዘር ሲቆጥሩ ልጅቱ ቆማ ትቀራለች። ሊያስተምራት የመጣው በዛብህ ደግሞ የማንኩሳ ድኻ ልጅ ነው፤ ያውም ወላጆቹ ለእግዚአብሔር የተሳሉት ልጅ፥ ስለዚህ ሰብለን መውደዱ ሁለት ጊዜ ክልክል ሆነበት፤ አንድ ጊዜ በሰው ወግ፥ አንድ ጊዜ በስለት። ድንቁም ነገር በዚህ መጽሐፍ አልጠፋም እላለሁ፤ ከመንገድ ላይ ተነሥቶ ወደ በዛብህ ሕሊና ገባ እንጂ። ያልተሳለውን ስለት ፈርቶ የሚንቀጠቀጥ ወጣት ከማናቸውም ምትሃት ይበልጥ ያስፈራል። ምርኮኛውን አለቃም በፊታውራሪ መሸሻ ላይ እናገኘዋለን፤ ይሁን እንጂ የሚማርካቸው አረማዊ ንጉሥ ሳይሆን የገዛ ባላገራቸው ነው፥ ቤዛ ይዞ የሚመጣ ነጋዴም የለም። ጉዱ ካሳ ይህን ሁሉ አስቀድሞ ይናገራል፤ አንዳንዴም ንግግሩ ስለሚረዝም ሰብለና በዛብህ ቆመው የሚጠብቁት ይመስላል። ይህን ጉድለት እቈጥራለሁ፤ መጽሐፉን ግን አያሳንሰውም።

ሕጉም ከድርሰቱ ጋር እየተከታተለ ሄደ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ ጋብቻ 15 ዓመት ወስኖ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ 18 ዓመት አደረሰው። የሕግ መጽሐፍ ግን ሳይነበብ በመደርደሪያ ሊቀመጥ ይችላል፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበው ደግሞ ፊደል የቈጠረው ብቻ አልነበረም። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ እየተረኩ አሰሙት። በመጽሐፉ ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻና ሰብለ ወንጌል ስለዚህ ነገር አንድ ቀን እንኳ ተቀምጠው አልተነጋገሩም። ሬዲዮው በተከፈተበት ቤት ግን ልጁን በከብት ቈጥሮ የዳረ አባት፥ ሳትጠየቅ የተዳረች እናትና ገና ሽማግሌ ያልተላከባት ልጅ በአንድ ጎጆ፥ በአንድ ሰዓት፥ አንዱ የሌላውን ፊት እያየ ያንኑ ድምፅ ይሰሙ ነበር።