የአርበኛው ስንቅና የብቸና ጎተራ

የጦርነት ታሪካችን ስለ ጀግናው ጥይት አብዝቶ ይተርካል፤ ስለ ስንቁ ግን እምብዛም አያነሣም። ስለ ምሥራቅ ጎጃም አርበኞች ባነበብሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመላለስብኛል፤ በእነዚያ የወረራ ዓመታት በብቸናና በሞጣ ምድር በላይ ዘለቀንና ተከታዮቹን ማን አበላቸው?

የወራሪው ስንቅ ከየት እንደመጣ ይታወቃል። በ1930 ዓ.ም. ጎጃም ሲያምፅ የተከበቡት የኢጣሊያ ምሽጎች እህልና ጥይት በአውሮፕላን ይጣልላቸው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ከሱዳን በኦሜድላ ሲገቡ ደግሞ እንግሊዞች የተማመኑት በግመል ነው። ዊንጌት ለመራው የጌዴዎን ጦር ወደ 15,000 የሚጠጉ ግመሎች ተሰማሩ። የበረሃው እንስሳ ግን የደጋውን ብርድና ዳገት አልቻለም፤ መንገዱ በግመል ሬሳ ተሞላ፤ አዲስ አበባ የደረሱት መቶ እንኳ አይሞሉም።

አርበኛው አውሮፕላንም ግመልም አልነበረው። በአቁማዳው የያዘው በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽና ቋንጣ ነው። ይህ ስንቅ ለሸክም ይቀላል፣ ቶሎ አይበላሽም፣ ጭሱ ለጠላት የሚታይ እሳትም አያስፈልገውም። ቆልተው፣ ፈጭተውና ጋግረው ያዘጋጁት ሴቶች ናቸው። አቁማዳው ባዶ ሲሆን የሚሞላው ከቀጣዩ መንደር ጎተራ ነበር። ሁሉም በፈቃድ ተሰጠ አልልም፤ ጠመንጃ የያዘ እንግዳ እምቢ አይባልምና። ዳሩ ግን ስንቁ በየጎጆው የተበተነ ስለነበር ጠላት አንድ መንገድ ዘግቶ ሊያቋርጠው አልቻለም። ስለዚህም ቤትና እህል ማቃጠል ያዘ። አርበኛውን ያበላ ገበሬ ዕዳውን የከፈለው እንዲህ ነው።

ነፃነት ከተመለሰ ከ27 ዓመት በኋላ፣ በ1960 ዓ.ም.፣ መንግሥት ያንኑ ጎተራ በአዲስ የእርሻ ገቢ ግብር ሊለካ መጣ። የሞጣና የብቸና ገበሬዎች ምርታችን አይገመትም ብለው ሸፈቱ። ጦር ዘመተባቸው፤ አውሮፕላንም ደበደባቸው። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዢው ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ ግብሩም በዚያ ሳይሰበሰብ ቀረ።

ስለ አርበኞቹ ሐውልትም መጽሐፍም አለን። ያንን በሶ የፈጩትን ሴቶችና ጎተራቸው የነደደባቸውን ገበሬዎች ግን በስም የመዘገበልን የለም። እኔ እንደሚመስለኝ የአምስቱ ዓመት ታሪክ ያለ እነርሱ ጎዶሎ ነው።