ከአራዳ ጊዮርጊስ እስከ አራት ኪሎ፤ የቀሪ ስሌት ታሪክ በአንድ ሰፈር



በዚህ ክረምት የተሰባሰብነው አልጄብራዊ ኩርባዎችን በኮምፒውተር የምናሰላበትን ዘዴ ለመማር ነው። ወደ ስሌቱ ከመግባታችን በፊት ስሌቱ የቆመበት አንድ ሐሳብ በዚህ ሰፈር ያለውን ታሪክ ላወሳ እወዳለሁ። ሐሳቡ «ቀሪ» ይባላል፤ ቁጥርን በቁጥር አካፍሎ ድርሻውን መተውና የተረፈውን መያዝ ነው።

ይህን ሐሳብ ለብዙ ዓመታት ሳስተምር ምሳሌዬ ከባዕድ መጽሐፍ ያገኘሁት የሰዓት ምሳሌ ነበር። አንድ ቀን ዲያቆን የነበረ ተማሪዬ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ ይህማ ባሕረ ሐሳብ አይደለም እንዴ?» አለኝ። ትክክል ነበር፤ እኔም አፈርሁ። ከማስተምርበት ክፍል እስከ አራዳ ጊዮርጊስ በእግር ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

በአራዳ ጊዮርጊስ፣ እንደ ሌሎቹ አድባራት ሁሉ፣ የዓመቱ አጽዋማትና በዓላት የሚውሉበትን ዕለት የሚወስነው ባሕረ ሐሳብ ነው። ትውፊት ይህን ስሌት ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ለድሜጥሮስ ይሰጣል። የ2017 ዓ.ም. ፋሲካን በዚሁ መንገድ እናውጣ። በ5500 ዓመተ ዓለም ላይ 2017 ሲደመር 7517 ይሆናል። ይህ ለ19 ሲካፈል ቀሪው 12 ነው፤ መደብ ይባላል። ገና ላልተፈጸመው ዓመት አንድ ሲቀነስ 11 ይቀራል፤ ይህም ወንበር ነው። ወንበር በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል ቀሪው 1 አበቅቴን፣ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል ደግሞ ቀሪው 29 መጥቅዕን ይሰጣል። መጥቅዕ ከ14 ስለሚበልጥ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም 29 ዋለ፤ ዕለቱም ረቡዕ ነበር። የረቡዕ ተውሳክ 4 በ29 ላይ ሲጨመር 33 ይሆናል፤ 30 ሲገደፍ 3 ይቀራል፤ ጾመ ነነዌ የካቲት 3 ገባ። በዚህ ላይ የፋሲካ ተውሳክ 9 ሲታከል ሚያዝያ 12 ይገኛል፤ ፋሲካም በዚያው ዕለት ተከበረ።

ቁጥሮቹ በዘፈቀደ የተመረጡ አይደሉም። 19 የፀሐይ ዓመታት ከ235 የጨረቃ ወራት ጋር እጅግ ስለሚቀራረቡ ዑደቱ 19 ሆነ። የፀሐይ ዓመት ከ12 የጨረቃ ወራት በ11 ቀን ገደማ ስለሚበልጥ አበቅቴ በ11 ያድጋል። 11 እና 19 ሲደመሩ 30 በመሆናቸውም አበቅቴና መጥቅዕ ምንጊዜም ተደምረው ወደ 30 ይመለሳሉ።

ዘመናዊው ትምህርት ወደ ከተማችን ሲመጣ በሌላ በር ገባ። እ.ኤ.አ. በ1908 የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከግብጽ በመጡ መምህራን ቋንቋንና ሒሳብን ማስተማር ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመሠረተ፤ የሳይንስ ትምህርትም በአራት ኪሎ ሥር ሰደደ። ሁለቱ የትምህርት ዓይነቶች ጎረቤታሞች ሆነው ሳሉ የሒሳብ መማሪያዎቻችን ባሕረ ሐሳብን ሳያነሱ ትውልድ አሳለፉ። የሒሳብ ታሪክ ሊቁ ኦቶ ኖይገባወር የኢትዮጵያን ሥነ ፈለክና የዘመን ስሌት የመረመረበት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመው በቪየና ነበር። በአንድ ሰፈር ያሉ ሁለት ቤቶችን ያገናኘው መንገድ በቪየና ዞረ ማለት ነው።

በአውሮፓ የቀሪን ስሌት እ.ኤ.አ. በ1801 ወጥ ሥርዓትና ምልክት የሰጠው ጋውስ ነበር። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ወደ ኩርባዎች ተሻገረ። «የዋይ ካሬ ከኤክስ ኪዩብና ከኤክስ ድምር ጋር እኩል ነው» የሚለውን እኩልዮሽ ውሰዱ፤ ነገር ግን ቁጥሮቹ ሁሉ፣ እንደ መደብ፣ ለ19 ተካፍለው የሚቀሩ ብቻ ይሁኑ። ስንት መፍትሔ አለው? በ19 ዓለም ውስጥ ዜሮ ካልሆነ ቁጥርና ከአሉታዊው አንዱ፣ አንዱ ብቻ፣ ካሬ ነው። በኤክስ ፈንታ አሉታዊው ሲገባ የእኩልዮሹ ቀኝ ወገንም ወደ አሉታዊው ይለወጣል፤ ኤክስ ዜሮ ካልሆነ ደግሞ ቀኙ ወገን ዜሮ አይሆንም። ስለዚህ ዜሮ ያልሆኑት ዘጠኝ ጥንዶች እያንዳንዳቸው ሁለት ነጥብ ይሰጣሉ፤ በድምሩ 18። ዜሮ አንድ ይጨምራል፤ በወሰን የለሽ ያለው ነጥብ ሲታከል 20 ይሞላል። ሄልሙት ሃሰ በ1930ዎቹ ያረጋገጠው ሕግ ለ19 ሲሠራ የእንዲህ ያለ ኩርባ ነጥቦች ከ12 እንደማያንሱ፣ ከ28 እንደማይበልጡ ይነግረናል።

ቁጥሩ በመቶ አኃዝ የሚጻፍ ሲሆን ግን አንድ በአንድ መቁጠር አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1985 ሬኔ ስሆፍ ነጥቦቹን በፍጥነት የሚቆጥር ዘዴ አሳተመ። በዚያው ዓመት ኒል ኮብሊትዝና ቪክተር ሚለር፣ ሳይመካከሩ፣ እነዚህ ኩርባዎች ለምስጢር መጠበቂያ እንዲውሉ ሐሳብ አቀረቡ። ዛሬ በስልካችን የምንልከው ብዙ መልእክት የሚጠበቀው በዚህ ስሌት ነው።

አባቶቻችን የኩርባዎችን ሒሳብ ያውቁ ነበር ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ ያለው ውዳሴ ታሪክንም ሒሳብንም ይበድላል። ባሕረ ሐሳብ የዓመቱን በዓል ያወጣል፤ የአንድን እኩልዮሽ መፍትሔዎች ብዛት አይጠይቅም። የጋራቸው ቀሪን እንደ ራሱ እንደ ቻለ ቁጥር ማክበራቸው ነው፤ ይህም ለአንድ ተማሪ ትልቅ ስንቅ ነው። በዚህ ስሌት ያደገ ልጅ ወደ ክፍላችን ሲገባ ባዶ እጁን እንደመጣ አድርገን ስንቀበለው የኖርነው እኛ መምህራን ነን።

በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ብዙ የቀድሞ ቤቶች ፈረሱ፤ ብዙዎቻችንም አዘንን። ይህ ስሌት ግን በቃል የሚኖር ነውና የሚጠፋው የሚማረው ሲታጣ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው የቤት ሥራችሁ ሁለት ክፍል አለው። የ19ኙን ኩርባ 20 ነጥቦች ያለ ኮምፒውተር በወረቀት አውጡ። ከመካከላችሁ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅም የ2018ን ፋሲካ ለጓደኞቹ በሰሌዳ ላይ ያውጣ፤ እኔም ከኋላ ወንበር ተቀምጬ እማራለሁ።