የራሴላስ ሸለቆ በሰሜን ተራሮች ውስጥ ነበረን?

ከዳባት ተነሥቶ ደባርቅን በማለፍ ሊማሊሞ አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ገደሉን ከእግሩ ሥር፣ አምባዎቹን ከፊቱ ያያል። በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 ዓ. ም. (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ያሳተመውን የራሴላስን ታሪክ ለተማሪ በተቀነሰ እንግሊዝኛ አንብበን ነበር። በተራራ የታጠረው፣ በመካከሉ ሐይቅ ያለበት፣ የንጉሥ ልጆች በደስታ የሚኖሩበት ሸለቆ የእኛው አገር ነው ብለን ከደብረ ታቦር ልጆች ጋር ተከራከርን። መጽሐፉ «የአማራ መንግሥት» ስለሚል ማስረጃችን የጸና መስሎን ነበር።

አሁን ስንመረምረው ግን ተሸንፈናል። ጆንሰን ኢትዮጵያን አላየም፤ ምንጩ እርሱ ራሱ በ1735 ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው የፖርቱጋላዊው ቄስ የጀሮኒሞ ሎቦ የጉዞ መጽሐፍ ነው። በሎቦ ዘመን አማራ የሚባለው አውራጃ በዛሬው ወሎ በኩል የነበረው ሲሆን፣ ሰሜን ለብቻው የሚቆጠር አገር ነበረ። የነገሥታቱ ወንዶች ልጆች የሚጠበቁበት ግሼን አምባም በዚያው በወሎ ነው። የዛሬውን ስም ወደ ጥንቱ ካርታ መውሰዳችን አሳስቶናል።

ነገር ግን ግሼን ሸለቆ ሳይሆን ተራራ ነው፤ ሐይቅም የለበትም። ሐይቁን ሎቦ ስለ ጣና ከጻፈው ወስዶት ይሆናል ብለን እንገምታለን። የደስታው ነገር ደግሞ ከእውነታው የራቀ ነው። ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ ከባልንጀሮቹ ጋር ወደ አምባው ቢጠጋ በድንጋይ ተባረረ።

ግሼን በ1540 ገደማ በኢማም አሕመድ ጦር ከጠፋ በኋላ፣ ዐፄ ፋሲለደስ ከጐንደር በስተደቡብ ምሥራቅ ያለውን ወህኒ አምባን ለዚሁ ተግባር አዋሉት፤ እስር ቤትን ወህኒ ቤት የምንለው ከዚህ የተነሣ ነው። ራሴላስ ከሸለቆው ሾልኮ ዓለምን ይዞራል። የዐፄ በካፋ ወንድም ዮሐንስ ግን፣ ጄምስ ብሩስ እንደ ጻፈው፣ ለማምለጥ ቢሞክሩ እጃቸው ተቆረጠ። ራስ ሚካኤል ስሑል በ1769 ከወህኒ አውርደው ሲያነግሷቸው ዕድሜያቸው ከ70 አልፎ ነበር፤ በዚያው ዓመትም ሞቱ።

ብሩስ ይህን ወሬ የሰማው ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በ1770 ሊማሊሞን ወጥቶ ጐንደር በገባ ጊዜ ነው። እንግዲህ በዚህ ታሪክ ውስጥ የአገራችን ድርሻ መንገዱ ብቻ ነው።