የካቸር ዝውውር ድርድር

የካቸር ዝውውር ድርድር በሰሜን አሜሪካው ሜጀር ሊግ ቤዝቦል ውስጥ የክለብ ዋና ሥራ አስኪያጆች ካቸር ለማግኘት ወይም ለመልቀቅ የሚያካሂዱት ድርድር ነው። ካቸር ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ኳሱን የሚቀበል፣ ለወርዋሪውም ምን ዓይነት ኳስ እንደሚልክ በምልክት የሚነግር ተጫዋች ነው። በእግር ኳስ የተለመደው የዝውውር ክፍያ እዚህ ቦታ የለውም ማለት ይቻላል፤ ተጫዋች የሚለወጠው በተጫዋች ነው፣ ገንዘብ ቢጨመርም ለማሟያ ነው።

አንድ ተጫዋች የስድስት ዓመት አገልግሎት እስኪሞላው ድረስ በክለቡ እጅ ስለሚቆይ፣ ሻጩ የቀሩትን ዓመታት ቆጥሮ ዋጋ ይጠራል። ማያሚ ማርሊንስ ጄ.ቲ. ሪልሙቶን እ.ኤ.አ. በ2019 ለፊላደልፊያ ሲሰጥ ተጫዋቹ ሁለት የውድድር ዘመን ቀርተውት ነበር። ማያሚ በምላሹ ተስፋ የተጣለበትን ወርዋሪ ሲክስቶ ሳንቼስን ወሰደ፤ ከእሱም ጋር ሌላ ካቸር፣ ሆርሄ አልፋሮን። ካቸሩን የሚሰጥ ክለብ ቦታውን ባዶ መተው ስለማይችል በምትኩ ሌላ ካቸር መጠየቁ የተለመደ ነው።

ተተኪ በእጁ ያለው ሥራ አስኪያጅ ግን አይቸኩልም። የሚኒሶታው ቴሪ ራያን በ2003 ኤ.ጄ. ፒርዚንስኪን ለሳን ፍራንሲስኮ የሰጡት ወጣቱ ጆ ማወር ስለደረሰላቸው ነበር። በምላሹ ያገኟቸው ሦስት ተጫዋቾች ሁሉም ወርዋሪዎች ነበሩ፤ ከእነሱ አንዱ ጆ ኔተን በመጨረሻ ገብተው ጨዋታ ከሚዘጉ የሊጉ ታዋቂ ወርዋሪዎች አንዱ ሆነ። ሳን ፍራንሲስኮ በበኩሉ ፒርዚንስኪን ከአንድ የውድድር ዘመን በኋላ አሰናበተው። እንዲህ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ልውውጥ ብዙ አይገኝም።

ለረጅም ጊዜ የካቸር የመከላከል ችሎታ የሚለካው በመልማዮች ዓይን ብቻ ነበር። ከ2000ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በየስታዲየሙ የተተከሉ ካሜራዎች አዲስ ነገር አመጡ፦ በመምቻ ክልሉ ጠርዝ ላይ ያለፈን ኳስ በእጅ አያያዙ ለዳኛው ስትራይክ (በመቺው ላይ የሚቆጠር ውርወራ) አስመስሎ የማሳየት ጥበብ በቁጥር ተገለጠ። ከዚያ ወዲህ ደካማ መቺ የሆነ ካቸርም በድርድር ጠረጴዛ ላይ ዋጋ አለው። ከ2026 ጀምሮ ግን ተጫዋቾች የዳኛውን ውሳኔ በማሽን እንዲታይላቸው መጠየቅ ስለተፈቀደላቸው፣ የዚህ ጥበብ ዋጋ መቀነሱ አይቀርም።

ሥራ አስኪያጆች ቢስማሙም ነገሩ ላያልቅ ይችላል። ጆናታን ሉክሮይ በ2016 ወደ ክሊቭላንድ መዛወሩ ተነግሮ ሳለ፣ በውሉ ባለው የመከልከል መብት እምቢ አለ፤ በሚቀጥለው ዓመት ቋሚ ካቸር እንደሚሆን ክለቡ ዋስትና አልሰጠውም ነበር። ወዲያው ወደ ቴክሳስ ሄደ፤ ክሊቭላንድም ያለ እሱ ለዋንጫው ፍጻሜ ደረሰ።

ከላይ የሚመጣ ጣልቃ ገብነትም አለ። በ1998 ዶጀርስን የገዛው ፎክስ፣ ማይክ ፒያሳን ለፍሎሪዳ የሚሰጠውን ስምምነት ያደረገው ከዋና ሥራ አስኪያጁ ከፍሬድ ክሌር ጀርባ ነበር። ፒያሳ በሳምንቱ ወደ ኒውዮርክ ሜትስ ተሻገረ፤ ክሌርም በተከታዩ ወር ከሥራ ተባረሩ።

አስቂኙን ልውውጥ ያደረጉት ደግሞ ራሳቸው ሜትስ ናቸው። በ1962 ካቸሩን ሃሪ ቺቲን «ስሙ ወደፊት በሚገለጽ ተጫዋች» ከክሊቭላንድ ወሰዱ፤ ጊዜው ሲደርስ የላኩት ተጫዋች ራሱ ቺቲ ነበር።