የናቡቴ ምስክሮች፦ ሐሰት አገር ሲያፈርስ ቤተ ክርስቲያን የት ነበረች?



በ1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 21 ያለውን የናቡቴን ታሪክ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ስንሰብከው ግን ትኩረታችን በኤልዛቤል ክፋት ላይ ስለሚሆን ሁለት ነገሮችን እናልፋለን። አንደኛ፣ ግድያው የተጀመረው በጾም አዋጅ ነው፤ ሐሰቱ የመንፈሳዊነት ልብስ ለብሶ መጣ። ሁለተኛ፣ ደብዳቤው የደረሳቸው ሽማግሌዎች ናቡቴን ያውቁታል፤ የከተማቸው ሰው ነው። ምስክሮቹ ሐሰተኞች መሆናቸውንም ያውቃሉ። ቢሆንም እንደ ታዘዙት አደረጉ።

ይህን ቃል ይዘን ወደ ጀርመን ታሪክ እንሂድ። የሉተር አገር ናት። መጽሐፍ ቅዱስ በየቤቱ፣ የነገረ መለኮት ትምህርት በየዩኒቨርሲቲው ነበረ። ከ1919 ጀምሮም ሕዝቡ የሚመርጠው ምክር ቤት፣ ነጻ ጋዜጦችና ፍርድ ቤቶች ነበሯት። በ14 ዓመት ውስጥ ይህ ሁሉ ፈረሰ። ሲፈርስ አንድ ሐሰት ትልቅ ሥራ ሠርቷል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በ1918 መስከረም መጨረሻ ላይ የጀርመን ጦር አዛዦች የነበሩት ሂንደንቡርግና ሉደንዶርፍ ጦርነቱ እንደማይገፋ አይተው መንግሥታቸው በአስቸኳይ የተኩስ አቁም እንዲጠይቅ አሳሰቡ። የሽንፈቱ ወረቀት ላይ ግን እነርሱ አልፈረሙም። ኅዳር 11 ቀን 1918 በፈረንሳይ ኮምፒየኝ ጫካ ውስጥ ልዑካኑን መርቶ የፈረመው ማትያስ ኤርዝበርገር የተባለ ሲቪል ፖለቲከኛ ነበር።

ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 1919፣ ምክር ቤቱ የሽንፈቱን ምክንያት የሚመረምር ኮሚቴ አቋቁሞ ሂንደንቡርግን ጠራው። አዛዡ ስለ ራሱ ውሳኔዎች መልስ መስጠት ሲገባው፣ ሠራዊቱ ከኋላው እንደ ተወጋ ተናገረ። ጦሩ አልተሸነፈም፤ አገር ቤት ያሉ ከዳተኞች ናቸው የጣሉት ማለቱ ነው። መልስ ሊሰጥ የተጠራው ሰው ከሳሽ ሆኖ ወጣ። ወሬው እንዲህ በትልቅ ሰው አፍ ጸደቀ፤ ጥፋቱም በሶሻሊስቶች፣ በዴሞክራቶችና በአይሁድ ላይ ተላከከ።

ሐሰት ቃል ብቻ ሆኖ አይቀርም። ኤርዝበርገር በነሐሴ 1921 በጥይት ተገደለ፤ ገዳዮቹ ከአገር ሸሹ፣ በ1933ም ምሕረት ተደረገላቸው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ቫልተር ራቴናው በሰኔ 1922 ተገደለ። አይሁዳዊ ነበር። ፕሬዚዳንቱ ፍሪድሪሽ ኤበርት በዚያው ጦርነት ሁለት ልጆቹን የቀበረ አባት ነበር። ሆኖም ከሃዲ እየተባለ በጋዜጣ ሲሰደብ ኖረ። ከስሶ ፍርድ ቤት ቢቆም፣ በታኅሣሥ 1924 ዳኞቹ ሰዳቢውን በስድብ ቀጥተው፣ ኤበርት ግን በሕግ ትርጉም አገሩን ክዷል ብለው ጻፉ። ከሁለት ወር በኋላ በ54 ዓመቱ ሞተ።

በዚያው ታኅሣሥ 1924 ሌላ ነገር ሆነ። በ1923 በመንፈቅለ መንግሥት ሙከራ ተይዞ አምስት ዓመት የተፈረደበት አዶልፍ ሂትለር ከተፈረደበት አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላ ከእስር ወጣ። እውነተኛው ሰው በፍርድ ቤት ሲዋረድ፣ መሣሪያ ያነሣው ሰው በነጻ ሄደ። ተጠያቂነት የሌለበት አገር እንዲህ ነው፦ ሚዛኑ ይገለበጣል፣ ሕዝቡም ይለምደዋል። በ1925 በኤበርት ወንበር ላይ የተቀመጠው ማን ነበር? ሂንደንቡርግ ነው! በጥር 30 ቀን 1933 ሂትለርን ቻንስለር አድርጎ የሾመውም ይኸው ሽማግሌ ነበር።

ወገኖች፣ እስከዚህ ድረስ የፖለቲካ ታሪክ ነው። እኛን የሚነካን ግን የቤተ ክርስቲያን ድርሻ ነው። በጦርነቱ ያዘኑ፣ ልጆቻቸውን ያጡ ምእመናን በየወንበሩ ተቀምጠው ነበር። ያ ሐሰት ያጽናናቸዋል፤ ልጃችሁ በከንቱ አልሞተም፣ ከዳተኞች ናቸው ያስበሉት ይላቸዋል። ብዙ አገልጋዮችም ከመድረክ አስተጋቡት። ይህን ሁሉ ያደረጉት ክፉዎች ስለነበሩ አይደለም። ወሬው የሚወዱትን ወገን ያከብር፣ የሚጠሉትን ያዋርድ ስለነበር አልመረመሩትም።

መጋቢት 21 ቀን 1933 አዲሱ ምክር ቤት በፖትስዳም ሲከፈት በአምልኮ ተጀመረ። የሰበከው ኦቶ ዲቤሊዩስ የታወቀ የቤተ ክርስቲያን መሪ ነበር፤ ያነበበውም ክፍል ሮሜ 8፥31 ነው። በ1914 ጦርነቱ ሲጀመር በበርሊን ካቴድራል የተሰበከውም ያው ክፍል ነበር። ዲቤሊዩስ የጥንቃቄ ቃልም ተናግሯል፤ ነገር ግን ለመንግሥቱ ጠንካራ እጅ በረከት ሰጠ። ከሁለት ቀን በኋላ ምክር ቤቱ ሥልጣኑን ለሂትለር አሳልፎ ሰጠ፤ 444 ደገፉ፣ የተቃወሙት 94ቱ ሶሻል ዴሞክራቶች ብቻ ነበሩ። የጾም አዋጁን አስታወሳችሁ?

በሐምሌ 1933 በተደረገው የቤተ ክርስቲያን ምርጫ የሂትለር ደጋፊዎች የነበሩት “ጀርመናውያን ክርስቲያኖች” አሸነፉ። ወዲያው ከአይሁድ የተወለዱ አገልጋዮችን ከአገልግሎት ለማስወጣት ተነሡ። ያን ጊዜ አንዳንዶች ነቁ። ማርቲን ኒሞለርና ባልንጀሮቹ ተሰባሰቡ፤ በግንቦት 1934 በባርመን ከተማ፣ ቤተ ክርስቲያን ከኢየሱስ ክርስቶስ ሌላ የምትሰማው ጌታ የላትም ብለው መሰከሩ። ኒሞለር ከ1937 እስከ 1945 ታሰረ። መልካም ምስክርነት ነበር፤ ግን ዘግይቷል። ኒሞለር ራሱ ቀድሞ ለሂትለር ፓርቲ ድምፅ ሰጥቶ ነበር።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ፣ በጥቅምት 1945፣ የቤተ ክርስቲያን መሪዎች በሽቱትጋርት ተሰብስበው ኃጢአታቸውን በጽሑፍ ተናዘዙ። በበለጠ ድፍረት አልመሰከርንም፣ በበለጠ ታማኝነት አልጸለይንም ሲሉ ራሳቸውን ከሰሱ። ከፈረሙት መካከል ኒሞለርም ዲቤሊዩስም ነበሩ። ኑዛዜው ጎዶሎ ነበረው፤ አይሁድን በስም አልጠራም። ግን ልብ እንበል፦ በ1919 ሂንደንቡርግ ጣቱን በሌላው ላይ ቀሰረ፤ በ1945 እነዚህ ሰዎች ወደ ራሳቸው መለሱት። በዚህ መካከል ሚሊዮኖች አልቀው ነበር።

ዘጸአት 20፥16 በሐሰት መመስከርን ሲከለክል፣ ለወገናችን የሚጠቅም ሲሆን ይፈቀዳል አይልም። ዛሬ የኤልዛቤል ደብዳቤ በእጅ ስልካችን ይደርሰናል። ለቡድኑ “አስተላልፉት” ሲባል እኛ የዚያች ከተማ ሽማግሌዎች ነን። ስለዚህ ሦስት ጥያቄ ለራሳችን እናቅርብ፦ ይህን ነገር የማምነው ተረጋግጦ ነው ወይስ ደስ ስላለኝ? የምወደው መሪ ሲጠየቅ ናታን በዳዊት ፊት እንደ ቆመ አየዋለሁ ወይስ እንደ ጠላት? ያሰራጨሁት ሐሰት መሆኑ ሲታወቅ ባሰራጨሁበት ቦታ ይቅርታ ጠይቄ አውቃለሁ?

እኛ አገልጋዮች ከሁሉ በፊት መልስ አለብን፤ 1ኛ ጴጥሮስ 4፥17 ፍርድ ከእግዚአብሔር ቤት እንደሚጀምር ይነግረናልና። ናቡቴ ከተወገረ በኋላ ማዘን ይቻላል። ከመወገሩ በፊት ግን አንድ ሽማግሌ “ይህ ሰው እንዲህ አላደረገም” ቢል ኖሮ በቂ ነበር ይሆናል።

ጌታ ሆይ፣ ያን አንድ ሰው አድርገን። አሜን።